ድንጋይ የሚጠጣ አልጌ

ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጠራ፣ በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ መርሳ አካባቢ ወንዝ ለመሻገር ድንጋይ የረገጠ ሰው አንዴ ሳያዳልጠው አይቀርም። ድንጋዩን የሸፈነው ቡናማ ልጋግ ጭቃ ይመስላል። በጣት ሲያሹት ግን ከልስላሴው ሥር በደንብ ያልላመ ዱቄት የመሰለ ሻካራነት አለው። እሱ ዳያተም ነው፤ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው አልጌ።

ሻካራነቱ የቤቱ ነው። ዳያተም የሚኖረው መስታወት ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቅርፊቱ አሸዋና የመስኮት መስታወት ከሚሠሩበት ከሲሊካ የተሠራ ነው። ቅርጹ አገልግል ይመስላል፦ አንዱ ግማሽ ሆዱ፣ ሌላው በላዩ የሚገጥም ክዳኑ። ሲባዛ ሁለቱ ይለያያሉ። እያንዳንዱ ልጅ የደረሰውን ግማሽ ክዳን አድርጎ፣ ውስጡ የሚገባ አዲስ ሆድ ይሠራል። ክዳን የወረሰው ወላጁን ያህላል፤ ሆድ የወረሰው ግን ትንሽ ያንሳል። እንዲህ እያነሱ ይሄዱና አንድ ደረጃ ላይ በጾታዊ ርቢ ወደ ሙሉ መጠናቸው ይመለሳሉ።

አዲሱ ግማሽ ያለ ሲሊካ አይሠራም። ሲሊካ ካለቀ መባዛቱም ቀጥ ይላል። ለገበሬ ማዳበሪያ ማለት ዩሪያና ዳፕ፣ ማለትም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ዳያተም እነዚህን ይፈልጋል፤ ነገር ግን ለአንድ የፎስፈረስ አቶም 16 ናይትሮጅን ሲወስድ ሲሊካ የሚሠራበትን ሲሊከንም 15 ያህል ይወስዳል።

ይህን ሁሉ ሲሊካ ከየት ያመጣዋል? ከወልድያ በስተምዕራብ የቆሙት ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተሠሩ ናቸው። ዝናቡ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆንና ጥቁሩን ድንጋይ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ሲሊካው በዓይን ሳይታይ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ማሽላም ከዚሁ ይጠጣል፤ የሀብሩ ሰው ማሽላ ውስጥ ሲገባ ቅጠሉ ክንዱን የሚቧጥጠው በሲሊካ ስለጠነከረ ነው።

በቤተ ሙከራ ዳያተም የሚያራባ ሰው ተራራውን በብልቃጥ ይተካዋል። የሚጠቀመው ሶዲየም ሜታሲሊኬት፣ ሳሙና አምራቾች ለሚያውቁት ሶዲየም ሲሊኬት የቅርብ ዘመድ ነው። ተመራማሪዎቹ ጊላርድና ራይተር በ1962 እ.ኤ.አ. ካወጡት ቅምር የመነጨውና ዛሬም ለባሕር ዳያተም የሚዘወተረው ‘ኤፍ በሁለት’ በሊትር 30 ሚሊግራም ያህል ያዛል። ሥራው ቀላል ቢመስልም ወጥመድ አለው። ውህዱ አልካላይን ስለሆነ፣ ሳይቀጥን ከሌሎቹ ጋር ቢደፉት ውሃው ይደፈርስና ሲሊካው ይዘቅጣል፤ ለብቻ በጥብጦ፣ በብዙ ውሃ ላይ እያማሰሉ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ይሻላል። “ያለ ሲሊካስ ምን ይሆናል?” ብሎ የሚያነጻጽር ደግሞ የመስታወት ዕቃ አይጠቀም። ዕቃው ራሱ እየሟሟ ያበላቸዋል! ፕላስቲክ ነው የሚያዋጣው።

የተራበው ዳያተም መባዛት ቢያቆምም ብርሃን መሰብሰቡን ይቀጥላል፤ የሰበሰበውንም ወደ ዘይት ይለውጣል። አሜሪካኖች ከ1978 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ከአልጌ ነዳጅ ለማውጣት ሲሞክሩ ይህን ጠባይ አጥንተውታል።

ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ ግን ሚዛኑን በሌላ በኩል ያዛባል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይጨምራል፣ ሲሊካ አይጨምርም። በሚሺጋን ሐይቅ ፎስፈረስ ሲበዛ ዳያተሞቹ ሲሊካውን እየጠጡ እንዳመናመኑትና በዚህም ቦታውን ለሌሎች አልጌዎች እንደሚለቁ ተመራማሪዎች በ1971 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል።

ባዶው ቅርፊት ሐይቅ ግርጌ ይቀመጣል። ከወልድያ በስተሰሜን፣ ኮረም አጠገብ ካለው አሸንጌ ሐይቅ ሥር ተቆፍሮ የወጣ ደለል የ17,000 ዓመት ዳያተም ይዞ ተገኝቷል፤ ጥናቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሐይቁ ሲጎድልና ውሃው ጨው ሲያበዛ ጨው የሚችሉት ዝርያዎች ይበረክታሉ፣ ሲሞላ ሌሎቹ ይተኳቸዋል፤ ድርቁና ዝናቡ የተነበበው ከዚህ ነው። ክዳንና ሆዱ ቢለያዩም፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲያዩት በክዳኑ ላይ በመደዳ የተበሱት ቀዳዳዎች እንኳ ይቆጠራሉ።