ተጨማሪ መረጃ፦ ቀኙ ግራ የሆነበት ፊልም

በመስታወት ፊት ቀኝ እጃችሁን ስታነሱ ምስሉ ግራውን ያነሳ ይመስላል። በ1945 እ.ኤ.አ. በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራው «ዲቱር» የተሰኘ ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ የወንጀል ፊልምም ይህንኑ ያሳያችኋል። በአሜሪካ እንደ እኛው አገር የመኪና መሪ በግራ ነው፤ ባለታሪኩ መንገድ ላይ ለምኖ ከሚሳፈርባቸው መኪኖች የአንዳንዶቹ መሪ ግን በቀኝ ይታያል። ምክንያቱ የፊልሙ ኔጌቲቭ መገልበጡ ነው። ኔጌቲቭ ማለት ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማው ብርሃን ሆኖ የሚቀረጽበትና ቅጂዎች የሚታተሙበት ብርሃን አስተላላፊ ጥቅል ነው።



የኔጌቲቩን መገልበጥ ራሳችሁ ለመሞከር፣ ብርሃን በሚያስተላልፍ ስስ ላስቲክ ላይ ስማችሁን ጻፉና ከጀርባው አንብቡት። ቅርጻቸው ያልተለወጠው የትኞቹ ፊደላት ናቸው?