ቀጭኗ ቱቦ በምጥ ሰዓት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ፣ ጤናማ የሆነች እናት በምጥ ጊዜ ማስታገሻ ከጠየቀች ከሚሰጧት አማራጮች አንዱ በወገብ በኩል የሚሰጠው ማደንዘዣ፣ ኤፒዱራል፣ እንዲሆን መክሯል። በአገራችን የመንግሥት ሆስፒታሎች ግን አገልግሎቱ ገና አልተስፋፋም። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ጋምቤላ ይህን አገልግሎት ለማዳረስ ሲታቀድ ከመድኃኒቱ እኩል ሊታሰብበት የሚገባ ዕቃ አለ፤ እሱም ካቴተር የሚባለው ቀጭን ቱቦ ነው።

የሰመመን ባለሙያው በእናቲቱ ወገብ በኩል መርፌ ያስገባና፣ የአከርካሪ ነርቮችን ከሸፈነው ሽፋን ውጭ ካለው ክፍተት ሲደርስ ቀጭን ቱቦ አሳልፎ መርፌውን ያወጣል። ማደንዘዣው እስክትወልድ ድረስ በዚህ ቱቦ ይሰጣል። አንዳንዱ ቱቦ ጫፉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ ሌላው ጫፉ ድፍን ሆኖ ከጎኑ ሦስት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። መድኃኒቱ በአንድ ወገን ብቻ ከፈሰሰ ግራ ጎኗ ደንዝዞ የቀኙ ሕመም እንዳለ ይቀራል። በደረቅ የናይለን ካቴተሮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ባለ ሦስት ቀዳዳው ይህን ጉድለት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ውስጡ የሽቦ ጥምዝ ባለው ለስላሳ ካቴተር ላይ ግን የቀዳዳው ቁጥር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም፤ ለስላሳው ደም ሥር ውስጥ የመግባትና ነርቭ የመንካት ዕድሉም ያነሰ ነው። እንግዲህ ከቀዳዳው ቁጥር ይልቅ የቱቦው ልስላሴ ይበልጣል ማለት ነው።

እናቶች በደም መፍሰስ በሚሞቱበት አገር ኤፒዱራል ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖራል። ደም፣ ኦክሲቶሲንና የደም ግፊት ክትትል መቅደማቸው አያከራክርም፤ ክትትል በሌለበት ኤፒዱራል መስጠትም አደጋ ነው። ይሁንና በደንብ የሚሠራ ካቴተር ጥቅሙ ሕመም ከማስታገስ ያልፋል፤ ምጡ በኦፕራሲዮን የሚያልቅ ከሆነ በዚያው ቱቦ መድኃኒት ጨምሮ፣ ሙሉ ሰመመን ሳያስፈልግ ማዋለድ ይቻላል። የለስላሳው ካቴተር ዋጋ ውድ ነው የሚለው ክርክርም ቢሆን የሰው ኃይልን ዋጋ ይዘነጋል። ባለሙያ ጥቂት በሆነበት ቦታ የከሸፈ ካቴተርን አውጥቶ እንደገና ማስገባት ኦፕራሲዮን የምትጠብቀውን ሌላ እናት ያዘገያል። ከኢታንግ ወይም ከአቦቦ ሪፈር ተጽፎላት የምትመጣ የኑዌር ወይም የአኙዋ ተናጋሪ እናት ደግሞ «አንዱ ጎኔ አልደነዘዘም» ብላ ለማስረዳት አስተርጓሚ ሊያስፈልጋት ስለሚችል፣ ጉድለቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ካቴተር የሚገዛው አካል ለስላሳውን ያስቀድም፤ በጀቱ ለደረቁ ብቻ ከበቃ ግን ባለ ሦስት ቀዳዳውን ይምረጥ። ከሦስቱ ቀዳዳዎች አንዱ ደም ሥር ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ባለሙያው መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ እየሞከረ ይስጥ።