ከሽመና መኪና ሥር የተነሣች አገልጋይ፦ ሜሪ ስሌሰር



ዓርብ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ቀኑ የእኔ አይደለም፤ የማዳም ነው። ደመወዙም የእኔ አይደለም፤ የቤተሰብ ነው። ታዲያ እኔ ለቤተ ክርስቲያን ምን አገልግሎት ልሰጥ እችላለሁ?» ትሉናላችሁ። እኛም ብዙ ጊዜ የምንለው ሲጠፋን «ጸልዩ» ብለን እናልፋለን። በዚህ እትም ቀኑም ደመወዙም የራሷ ያልነበረ የአንዲት ሴት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሜሪ ስሌሰር በ1848 በስኮትላንድ አገር በአበርዲን ከተማ ተወለደች። አባቷ ጫማ ሰፊ ነበር፤ መጠጥ ግን አሸነፈው። ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ በ1859 ወደ ዳንዲ ከተማ ፈለሰ። ዳንዲ ያን ጊዜ በሸራና በጆንያ ፋብሪካዎቿ የታወቀች፣ ጢስ የማይለያት ከተማ ነበረች። እናቷ ሸማኔ ሆና ገባች፤ ሜሪም በ11 ዓመቷ ተከተለቻት። ግማሹን ቀን ትሠራለች፤ ግማሹን ቀን ፋብሪካው ባዘጋጀው ትምህርት ቤት ትማራለች። 14 ዓመት ሲሆናት ሙሉ ሠራተኛ ሆነች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ትሠራ ነበር፤ ለምግብ ከሚሰጠው አጭር ዕረፍት በቀር ቀኑ በሙሉ ከመኪናው ጋር ነው። ደመወዟን ለእናቷ ታስረክባለች። ቅዳሜ ማታ አባቷ ሰክሮ ሲመጣ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ ይሸበሩ ነበር። ኋላም አባቷና ወንድሞቿ ሞቱ። እናቷን፣ ሁለቱን እህቶቿንና እርሷን የሚያኖረው የሴቶቹ የእጅ ሥራ ብቻ ሆነ።

አገልግሎቷ የተጀመረው እዚህ ነው፤ አፍሪካ ከመሄዷ ብዙ ዓመት በፊት ማለት ነው። የቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ፕሬስቢቴሪያን ነበረች። ፕሬስቢቴሪያን ማለት በሽማግሌዎች ጉባኤ የምትመራ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ናት። በእኛም አገር ወንጌላውያኑ የቤቴል ምእመናን ከዚሁ ሐረግ ናቸው፤ ከአሜሪካ የመጡ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናውያን በምዕራብ ወለጋ በደምቢ ዶሎ የጀመሩት ሥራ አድጎ፣ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር አንድ ሆኗል። ከእናንተም መካከል የቤቴል ልጆች እንዳላችሁ እናውቃለን።

ሜሪ የትምህርት ጥማት ስለነበራት በሽመና መኪናው ላይ መጽሐፍ አቁማ እየሠራች ታነብ ነበር። እሑድ ልጆችን ታስተምራለች። ማታ ማታም ከ12 ሰዓት ሥራ በኋላ በዳንዲ ድኻ ሰፈር የጎዳና ልጆችን ሰብስባ ታስተምር ነበር። አንድ ምሽት መንገዱን የዘጉባት ጎረምሶች በገመድ የታሰረ እርሳስ እያሽከረከሩ ወደ ግንባሯ አስጠጉባት። እርሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። እርሳሱ ግንባሯን ጭሮ አለፈ። ጎረምሶቹ አፈሩ፤ ተከትለዋትም ወደ ጉባኤው ገቡ። ስሟ ገና በማንም ዘንድ ያልታወቀ፣ ደክሟት ከሥራ የመጣች የፋብሪካ ልጅ ነበረች እንግዲህ።

በ1875 ቤተ ክርስቲያኗ በምዕራብ አፍሪካ ወደምታካሂደው ሥራ ለመሄድ አመለከተች። ቦታው ዛሬ በናይጄሪያ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ካላባር ነው። በ1876 ነሐሴ 5 ቀን በ27 ዓመቷ ተሳፈረች። የተሳፈረችባት መርከብ ስም ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ? «ኢትዮጵያ»! እኛም ይህን ስናነብ ፈገግ አልን።

ካላባር ስትደርስ ግን ፈገግታ የሚያሰኝ ነገር አልነበረም። ወባው በየጊዜው ይጥላታል። ከሦስት ዓመት በኋላም ታማ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ እንደገናም መጣች። ነጮቹ ሚስዮናውያን ከአውሮፓ በሚመጣ ምግብ ሲኖሩ እርሷ እንደ አገሬው ቦየና ሙዝ መሰል ፕላንቴን መብላት ጀመረች። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ከደመወዟ ለእናቷና ለእህቶቿ የምትልከው እንዲበረክት። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። ጫማውን፣ ባርኔጣውንና ያንን ዘመን የሚያስጨንቅ የፈረንጅ ቀሚስም ተወች። የኤፊክን ቋንቋ እንደ አገሬው ሰው ተናገረች። ሰዎቹም «ማ» ይሏት ጀመር፤ በእኛ «እማማ» እንደማለት ነው።

በ1886 መጀመሪያ ከባድ መርዶ መጣባት። በእንግሊዝ አገር የነበሩት እናቷና እህቷ በጥቂት ወራት ልዩነት ሞቱ። ሌላዋ እህቷ ቀድማ ሞታለች። እርሷ በሩቅ አገር፣ ሳትቀብር፣ ለቅሶ ሳትቀመጥ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የምትጽፍለት ቤተሰብ አልነበራትም። እኛ ብዙ ጊዜ በስልክ ለተረዱ እህቶች ለቅሶ ቤት አበጅተን ተቀምጠናል፤ ይህ ሐዘን ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን።

ከዚያ በኋላ ነው ሚስዮናውያን ያልሰፈሩበትን ኦኮዮንግን የለመነችው። በ1888 ነሐሴ ወር፣ የክሪክ ታውኑ ንጉሥ ኢዮ ባዋሳት ታንኳ በዝናብ ወጣች። አብረዋት ያሉት የምታሳድጋቸው አምስት ሕፃናት ነበሩ። ከወንዙ ዳር እስከ መንደሩ ያለውን ጫካ ልጆቹ እያለቀሱ፣ እርሷም ትንሿን አዝላ በእግር ሄዱ። ዕቃ ተሸካሚዎቹ ደክሞናል ብለው ከታንኳው አልነሣም ሲሉ፣ ጫማዋን አውልቃ በሌሊት ተመልሳ ቀሰቀሰቻቸው።

በዚያ አገር መንታ መውለድ እርግማን ነበር። ከሁለቱ አንዱ የክፉ መንፈስ ልጅ ነው ይባል ስለነበር ሕፃናቱን በሸክላ ማሰሮ አድርገው ጫካ ይጥሏቸዋል፤ እናቲቱም ከመንደር ትባረራለች። እኛ ለወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን፤ እዚያ ግን አራስ ሴት በገዛ ቤተሰቧ ትሰደድ ነበር። ሜሪ መንታ ተወለደ ሲሏት በሌሊትም ቢሆን ትሮጣለች። የተጣሉትን አንሥታ ታሳድጋለች፤ እናቶቹንም ታስጠጋለች። ከመጀመሪያዎቹ አንዷን በእህቷ ስም ጄኒ አለቻት፤ እስከ መጨረሻው እንደ ልጇ ሆና አብራት ኖረች።

ይህን ልማድ እርሷ ብቻዋን አስቀረችው ማለት አንችልም። ከእርሷ በፊት የነበሩ ሚስዮናውያንና የኤፊክ ክርስቲያኖችም ታግለውታል። ደግሞም ፍጹም ሰው አልነበረችም። ቁጡ ነበረች፤ በጥፊ መምታትም ታውቅ ነበር ይባላል። በ1892 የእንግሊዝ መንግሥት በኦኮዮንግ ዳኛ አድርጎ ሾማት፤ በዚያ ግዛት ከሴት የመጀመሪያዋ ነበረች። ያ መንግሥት አገሩን በኃይል የያዘ መሆኑን ሳንጠቅስ ብናልፍ እውነቱን ማጉደል ይሆንብናል። ሆኖም የተባረሩ ሴቶች ከፍርድ ወንበሯ ፊት ቀርበው ይደመጡ ነበር።

አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ነካን። ቻርለስ ሞሪሰን የተባለ፣ በዕድሜ የሚያንሳት የሚስዮን መምህር ሊያገባት ጠይቋት እሺ ብላ ነበር። ነገር ግን ጤናው ደካማ ስለነበር የቤተ ክርስቲያኗ ኃላፊዎች ኦኮዮንግ እንዲኖር አልፈቀዱም። እርሷም ሥራዋን ትታ ልትወጣ አልፈለገችም። ጋብቻው ቀረ። ትክክል አደረገች አላደረገች በመካከላችን ተከራክረን አልተስማማንም። አንደኛችን «ቢፈቅዱላት ምን ነበረበት?» አለ፤ እኛም ዝም አልን።

ሲያረጅ ጉልበቷ ደከመ፤ መገጣጠሚያዋ ታመመ። መራመድ ሲያቅታት ልጆቹ በጋሪ እየገፏት ከመንደር ወደ መንደር ትሄድ ነበር። በ1915 ጥር 13 ቀን፣ በ66 ዓመቷ፣ ኡሴ በተባለች መንደር በጭቃ ቤቷ ውስጥ ያሳደገቻቸው ልጆች ከብበዋት ዐረፈች። አስከሬኗ በወንዙ ወርዶ ካላባር ተቀበረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የስኮትላንድ ባንክ መልኳን በአሥር ፓውንድ ብር ላይ አትሞ ነበር። በካላባርም ሐውልቷ መንታ ሕፃናትን አቅፎ ቆሟል።