ያውቁ ኖሯል? ሶፍትዌር በመጽሐፍ ተጠርዞ ድንበር እንደ ተሻገረ

የአሜሪካ መንግሥት ጽሑፍን በምሥጢር የሚሰውር ሶፍትዌርን ከጦር መሣሪያ ጋራ በአንድ መዝገብ ቈጥሮ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ ውጭ እንዳይላክ በሚከለክልበት ዘመን፣ ፊል ዚመርማን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1991 የደረሰው ፒጂፒ የተሰኘ የዚሁ ዓይነት ፕሮግራም በኢንተርኔት ባሕር ማዶ በመሻገሩ፣ ደራሲው እስከ 1996 መባቻ ድረስ በወንጀል ሲመረመር ቈይቷል።

ይሁን እንጂ ያው ድንጋጌ በዲስክ የተቀዳውን ሲከለክል በወረቀት የታተመውን አይነካም ነበርና፣ የኤም.አይ.ቲ. ማተሚያ ቤት በ1995 የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። በ1997 ደግሞ ከ6,000 ገጽ በላይ የሆነው የፕሮግራሙ አምስተኛ እትም ኮድ በመጻሕፍት ተጠርዞ በሕጋዊ መንገድ ወደ አውሮፓ ተላከ፤ በዚያም በጎ ፈቃደኞች ገጽ በገጽ በስካነር እያነሡ፣ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትሳሳት በየመስመሩ ዳር በታተመው የማረጋገጫ ቁጥር እየለዩ እያረሙ፣ ፕሮግራሙን እንደ ገና በኮምፒዩተር ላይ ሕያው አደረጉት።

መንግሥት በ2000 ደንቡን አላላ፤ ዛሬም በአሜሪካ ሕግ ለሕዝብ በግልጽ የታተመ ሶፍትዌር በአብዛኛው ከላኪነት ፈቃድ ነጻ ነው። ነገር ግን ሶፍትዌሩ ነጻ ቢሆንም የሚያከፋፍለው ድርጅት በማዕቀብ ሊታሰር ይችላል፤ የሶፍትዌር ኮድ ማከማቻና ማካፈያ ድረ ገጽ የሆነው ጊትሀብ በ2019 በኢራን ተጠቃሚዎች ላይ ገደብ ጥሎ፣ አገልግሎቱን በሙሉ የመለሰላቸው በጥር 2021 ከአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ማግኘቱን ባስታወቀ ጊዜ ነው። ያም ሆኖ የምርምር ፕሮግራም የሚደርስ ሊቅ ሁሉ ሥራውን ከነምንጭ ኮዱ ለሕዝብ ቢያሳትም፣ በማዕቀብ ሥር ላለ ተመራማሪ የዕውቀትን በር ይከፍታል።