የዕድሩ መዝገብ የሚያውቀው

አምቦ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ውሃው ነው። ከምድር ውስጥ ጋዝ ይዞ የሚፈልቀውን ውሃ በጠርሙስ ማሸግ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1930 ነበር። ከተማዋን አቋርጦ የሚወርደው ሁሉቃ ወንዝ ግን የቤት እጣቢና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይሸከማል። ከታች ያለው ሰው በዚያው ልብሱን ያጥባል፣ ከብቱን ያጠጣል። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ውሃ ተቅማጥ ያመጣል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን በአብዛኛው የሚሞተው ሰውነቱ ውሃና ጨው ተሟጦበት ነው፤ በጊዜ የተሰጠ ኦ.አር.ኤስ. ብዙዎችን ያተርፋል።

የቤታችንን የማገዶ ጭስ ግን ስለለመድነው ልብ አንለውም። በአምቦ፣ በጉደርም ሆነ በግንጪ በአንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ወጡን የሚሠራው እዚያው፣ የሚተኛውም እዚያው ነው። የማገዶ ጭስ ብናኝ ሳንባ ድረስ ዘልቆ ጀርም የሚከላከሉትን ሴሎች ያዳክማል፤ የሳንባ ምችም ሕፃናቱን በቀላሉ ያገኛቸዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ በር ተዘግቶ የሚቀጣጠል ከሰል ደግሞ ይብሳል። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን 200 እጥፍ ያህል በበረታ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ያም ሆኖ ከተማ ከገጠር ይሻላል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ1,000 ሕፃናት መካከል 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በገጠር 83፣ በከተማ 66፣ በአዲስ አበባ 39 ነበሩ። በከተማ ሐኪም ይቀርባል፣ ቧንቧ አለ፣ የተማሩ እናቶችም ይበዛሉ። ይሁንና «ከተማ» የሚለው አማካይ ቁጥር አስፋልት ዳር ያለውን የብሎኬት ቤትና ወንዝ ዳር ያለውን የጭቃ ቤት ቀላቅሎ ይቆጥራል። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ መልሱም የሚገኘው ሞትን በየሰፈሩ በመቁጠር ነው።

ይህ የማይቻል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራማሪዎች በክርስቲያኑም በሙስሊሙም መቃብር የሚፈጸመውን ቀብር አስመዘገቡ፤ ቤተሰብን ስለ ሟቹ ሕመም ምልክት ጠየቁ። ኤድስ ምን ያህል ጎልማሳ እንደጨረሰ፣ ነፃ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መታደል ከጀመረ በኋላም ሞቱ እንዴት እንደወረደ የታየው በዚያ ቆጠራ ነው።

አምቦን በመሳሰሉ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ደግሞ ሬሳ ያለ ዕድር አይወጣም። ስለዚህ የዕድር ጸሐፊዎች ሆይ፣ ከሟቹ ስም ጎን ዕድሜውን፣ ሰፈሩንና የሕመሙን ምልክት ጻፉልን፤ የጤና ጽሕፈት ቤቶችም ያንን መዝገብ መጥታችሁ አንብቡት።