ለአንድ ዓይነት ሥራ ለምን የተለያየ ደመወዝ?

በባንጋሎርም ሆነ በሳን ፍራንሲስኮ ለሚጻፍ ፕሮግራም ሕጉ አንድ ነው፤ ስሕተት ካለበት በሁለቱም ከተሞች አይሠራም። የፕሮግራመሮቹ ደመወዝ ግን እጅግ ይራራቃል። ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ሙያውን ለመምረጥ የተዘጋጀ ተማሪስ ከዚህ ምን ሊገነዘብ ይገባል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች እንመለከታለን። (ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ባወጣው መረጃ መሠረት በግንቦት 2024 የአገሪቱ የሶፍትዌር ባለሙያዎች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 133,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ግማሾቹ ከዚህ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚህ በታች ያገኙ ነበር ማለት ነው። ለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት የሶፍትዌር ባሕርይ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ዳቦ መጋገር አለበት። ፕሮግራም ግን አንዴ ከተጻፈ በኋላ ለሚሊዮኖች ቢባዛ የሚጨምረው ወጪ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በርካታ ከፋይ ደንበኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ አንዲት ትንሽ ማሻሻያ ከፍተኛ ገቢ ታስገኛለች።

ሁለተኛው ምክንያት የአሠሪዎች ፉክክር ነው። በካሊፎርኒያ ከ1872 የሚመነጭ ሕግ ሠራተኛ ወደ ተፎካካሪ ድርጅት እንዳይሄድ የሚያግዱ ውሎችን በአመዛኙ ዋጋ ያሳጣል። ባለሙያው ወደ ጎረቤት ድርጅት መሻገር ስለሚችል አሠሪው እሱን ለማቆየት ሲል ይከፍላል።

ወደ ባንጋሎር እንሻገር። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1985 በከተማዋ የምርምርና የዲዛይን ማዕከል ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ያደገው የሕንድ ኢንዱስትሪ ሰፊው ክፍል የባለሙያዎችን የሥራ ሰዓት ለውጭ ደንበኞች የሚሸጥ ነበር። ደንበኛው የመጣው ወጪ ለመቀነስ በመሆኑ ደመወዙም በውሉ ዋጋ ይገደባል። በዚያችው ከተማ የራሳቸውን ምርት የሚሠሩ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ይከፍላሉ። ስለዚህ ልዩነቱን የሚፈጥረው ቦታው ብቻ ሳይሆን ሥራው ከማን ገቢ እንደሚከፈልም ጭምር ነው።

ታዲያ ባለሙያዎች ወደ ውዱ ገበያ በመጉረፍ ልዩነቱን ለምን አያጠቡትም? ከፍታቸው የተለያየ ሁለት የውኃ ጋኖችን በቀጭን ቧንቧ ብናገናኝ ውኃው እኩል የሚሆነው በጣም ዘግይቶ ነው። ቧንቧው እዚህ ላይ የቪዛ ሕግ ነው። ኤች-1ቢ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ፈቃድ ለአብዛኞቹ አሠሪዎች በዓመት 65,000፣ በዚያው አገር በማስተርስና ከዚያ በላይ ለተመረቁ ደግሞ ተጨማሪ 20,000 ብቻ ነው። ከሩቅ ሆኖ መሥራትም ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ አላሰፋውም፤ ፌስቡክ በ2020 ከሩቅ የሚሠሩ ሠራተኞቹ ደመወዝ እንደሚኖሩበት አካባቢ እንደሚስተካከል አስታውቋል።

በአገራችንም ተመሳሳይ ትምህርት አግኝተናል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከአዲስ አበባ ሆኖ በዶላር የሚከፈለው ፕሮግራመር ገቢው በብር ሲሰላ በእጥፍ ሊቃረብ ምንም አልቀረውም፤ ችሎታው ግን ያው ነበር።

ስለሆነም ደመወዝን የችሎታ መለኪያ አድርገን አንውሰድ። ሥራ ስንመርጥ ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ፦ ይህን ሥራ በመጨረሻ የሚከፍለው ማን ነው? ይህን ችሎታ የሚፈልጉ ሌሎች አሠሪዎች ስንት ናቸው? ከማንስ እንማራለን? ለጀማሪ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ብቻውን በውል የሚሠራ ጀማሪ ዛሬ ብዙ ዶላር ሊያገኝ ይችላል፤ ስሕተቱን የሚያርምለት አንጋፋ ባለሙያ ከአጠገቡ ከሌለ ግን ነገ የሚሸጠው ችሎታ ላይኖረው ይችላል።