ለልጇ ስትል ወተት የተወች እናት

አል ራሐ ቢች ከአቡ ዳቢ ወደ ዱባይ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር የተዘረጋ የባሕር ዳር ሠፈር ነው። እዚያም ሆነ በአል ዐይን ከተማ ለምትወልድ ኢትዮጵያዊት ብዙ ጊዜ ገንፎ የምታገነፋላት እናት፣ ልጁን ተቀብላ የምታባብልላት አክስት አጠገቧ የለችም። ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ ምክር የሚመጣው በስልክ ነው። አንዷ ጓደኛ «ወተት ተዪ፣ ሆዱን የሚነፋው እሱ ነው» ትላለች። ከአገር ቤት ደግሞ «ወተት ካልጠጣሽ ጡትሽ ይደርቃል» የሚል ይደርሳታል። ሁለቱም በቅንነት የሚሰጡ ምክሮች ናቸው። እንቅልፍ ያጣች እናት በሁለቱ መካከል መንገላታቷ ግን ያሳዝናል፤ ጉዳዩ በደንብ የተጠና ነውና።

ከሁለተኛው እንጀምር። ላም ወተት ጠጥታ አይደለም የምትታለበው፤ ሣር ግጣ ነው። የእናትም ጡት ወተቱን የሚያዘጋጀው በደሟ ከሚዘዋወሩ ንጥረ ነገሮች ነው። መጠኑን በዋናነት የሚወስነው ሕፃኑ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠባና ጡቱን ምን ያህል እንደሚያጎድለው ነው። በቂ ምግብና ውኃ የምታገኝ እናት የላም ወተት ስላልጠጣች ጡቷ አይደርቅም።

የመጀመሪያው ምክር ግን ትንሽ እውነት አለው። የምንበላው ፕሮቲን አብዛኛው አንጀት ውስጥ ተሰባብሮ ያልቃል፤ ጥቂቱ ግን ሳይፈጭ ወደ ደም፣ ከደምም ወደ ጡት ወተት ያልፋል። በላም ወተት ውስጥ ያለው ቤታ ላክቶግሎቡሊን የተባለው ፕሮቲን የሰው ጡት የማይሠራው ስለሆነ፣ በእናት ወተት ውስጥ ሲገኝ ከምግቧ እንደመጣ ያስታውቃል። ወተት ከሚጠጡ እናቶች በግማሽ ያህሉ ወተት ውስጥ ተገኝቷል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ በላም ወተት ውስጥ ካለው ጋር ሲነጻጸር በመቶ ሺህዎች እጥፍ ያነሰ። ለአብዛኞቹ ሕፃናት ይህ ምንም አያደርግም፤ እንዲያውም ሰውነታቸው ምግብን እንዲለምድ ያግዛል ብለው የሚያምኑ ተመራማሪዎች አሉ። ሰውነታቸው ይህን ፕሮቲን እንደ ጠላት የሚያይባቸው ሕፃናት ግን ሊታመሙ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ፕሮቲኑን ከላክቶስ ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው፤ ጡት ራሱ ያመርተዋል፤ በ100 ሚሊ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ 7 ግራም ያህል አለ፤ ከላም ወተትም ይበልጣል። እናት ወተት ብትተው አይቀንስም፤ ብትጠጣም አይጨምርም። ብዙ አዋቂዎች ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው የሚነፋው ላክቶስን መፍጨት ስለሚያቅታቸው ነው፤ ሕፃን ግን ይህን ችሎታ ይዞ ይወለዳል፤ የሌለው እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ «እኔን ወተት ስለማይስማማኝ ልጄንም አይስማማውም» የሚለው ግምት መሠረት የለውም።

በእናታቸው ጡት ብቻ ከሚያድጉ ሕፃናት መካከል የላም ወተት አለርጂ የሚገኝባቸው ከ200 አንድ ገደማ ናቸው። በጡት ጠቢዎች ላይ ዋነኛው ምልክት በዓይነ ምድሩ ላይ የሚታይ የደም ክርና ንፍጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ልጁ በሌላው ሁሉ ደህና ነው፣ ይጠባል፣ ክብደቱም ይጨምራል። በአንዳንዶቹ ላይ አልለቅ የሚል የቆዳ ሽፍታ ወይም ደጋግሞ ማስመለስ ይታያል። ከንፈርና ዐይን ማበጥ ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ነገሩ የምግብ ሙከራ ሳይሆን ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጥ ነው።

ለቅሶ ብቻውንስ? ጤነኛ ሕፃን ለቅሶው እስከ 6ኛው ሳምንት እየባሰ ሄዶ በ3ኛውና በ4ኛው ወር ይረግባል። እ.ኤ.አ. በ1978 ያኮብሰንና ሊንድበርግ የተባሉ የስዊድን ሐኪሞች ቁርጠት ያስቸገራቸውን የ19 ሕፃናት እናቶች ወተት አስትተው በ13ቱ ላይ ቁርጠቱ መጥፋቱን ዘገቡ። «ወተት ተዪ» የሚለው ምክር በሕክምናው ዓለም እንዲስፋፋ ያ ጥናት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ጃማ ፔዲያትሪክስ በተባለው መጽሔት 9 የአለርጂ መመሪያዎችን የመረመሩ ባለሙያዎች ሌላ ነገር አሳዩ። አለርጂው በተረጋገጠባቸው ሕፃናት እንኳ፣ ከ99 በመቶ በላይ ለሚሆኑት በእናት ወተት የሚያልፈው ፕሮቲን የአለርጂ ምላሽ ለመቀስቀስ አይበቃም። ከመመሪያዎቹ 3ቱ በዱቄት ወተት አምራቾች ወይም ገበያ አማካሪዎች በቀጥታ የተደገፉ ነበሩ። ይህ ያስቆጣኛል። እናት በወተቷ ላይ እምነት ባጣች ቁጥር የዱቄት ወተቱ ቆርቆሮ ይሸጣል።

ለእኛ ደግሞ ማንም ሳያቅደው የተሠራ ትልቅ ሙከራ አለ፤ ጾም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓመት እስከ 180 ለሚደርሱ ቀናት ከወተት፣ ከቅቤ፣ ከእንቁላልና ከሥጋ ይርቃሉ። የምታጠባ እናት ነፃ ብትሆንም ብዙዎች አብረው ይጾማሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሐኪም ከሚያዘው ወተት የመተው ሙከራ ይረዝማል። የላም ወተት የሕፃናት ለቅሶ ዋና ምክንያት ቢሆን ኖሮ በዐቢይ ጾም የጎንደርና የጎጃም ቤቶች ጸጥ ባሉ ነበር። ያጠቡና የጾሙ እናቶች ግን ሕፃናት በጾሙም እንደሚያለቅሱ ያውቃሉ።

ጾሙ ሌላም ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በትግራይ ገጠር የሚያጠቡ እናቶችን በጾምና በፍስክ የተከታተለ ጥናት፣ በጾሙ ወራት የእናቶቹ ምግብ ዓይነቱ እንደጠበበና ሰውነታቸው እንደተጎዳ አሳይቷል። ለልጅ አለርጂ ሲባል ወተት መተው ግን ጾም አይደለም። እንቁላል አይከለከልም፣ ሥጋ አይከለከልም፣ ዓሣም እንዲሁ። ይህን ያልተረዳች እናት «የጾም ነው የምበላው» ብላ ሁሉንም ትታ ከስታ ትገኛለች። ቢ12 የተባለው ቫይታሚን በተፈጥሮው ከእንስሳት ምግብ ብቻ ስለሚገኝ፣ ለረጅም ጊዜ ሁሉን የተወች እናት ጉድለት የልጇን የነርቭና የአንጎል እድገት ሊጎዳ ይችላል።

ካልሲየምን በተመለከተ፣ የምታጠባ አዋቂ እናት በቀን 1000 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጣል። በጡት ወተት ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም በየቀኑ ይወጣል፤ አጥንቷ በማጥባት ወራት ከ3 እስከ 5 በመቶ ይሳሳና ልጁ ጡት ከተወ በኋላ ይመለሳል። ስለዚህ የጥቂት ሳምንት ሙከራ አጥንት አይጎዳም፤ ወራት ሲሆን ግን ምትክ ያሻል። መቶ ግራም ጤፍ 180 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ በስደት አገር ግን እንጀራው ብዙ ጊዜ ከሩዝና ከስንዴ ዱቄት ጋር ስለሚደባለቅ በእርሱ ብቻ መተማመን አይቻልም። የሐበሻ ጎመን፣ ያልተፈተገ ሰሊጥ፣ ከነአጥንቱ የሚበላ ሰርዲን ይረዳሉ። ባይበቃ ሐኪም እንክብል ያዛል። ቫይታሚን ዲም አለ፤ በኤምሬትስ ፀሐይ ሞልቶ ሳለ ጉድለቱ የተስፋፋ ነው፤ ሙቀቱ ሰውን ቤት ውስጥ ይዘጋዋልና። ጡት ለሚጠባ ሕፃንም በቀን 400 ዩኒት ጠብታ ይመከራል።

ሐኪሙ ሙከራውን ካዘዘ በትክክል ይሠራ። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ የዐረቦቹ ላበንና ላብኔ፣ በወተት የሚፈላው ካረክ ሻይ ይቀራሉ። ለእኛ ሰው የሚከብደው ቅቤው ነው፤ ንጥር ቅቤም የፕሮቲን ቅሪት አይጠፋውም፤ ስለዚህ የአራስ ገንፎው በዘይት፣ አጥሚቱም ያለ ወተት ይሁን። ዳቦ፣ ብስኩትና ቋሊማ ውስጥ የወተት ዱቄት ስለሚገባ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል፤ በዐረብኛው በኩል «ሐሊብ» የሚለውን መፈለግ ነው። የፍየል ወተት ምትክ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር ስለሚመሳሰል ለላም ወተት አለርጂ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለፍየሉም ይቆጣል። በአል ዐይን ሱቆች የሚደረደረው የግመል ወተት ቤታ ላክቶግሎቡሊን የለውም፤ ሌሎች ፕሮቲኖች ግን አሉት። እናት መጠጣት ብትፈልግ ሐኪሟን ትጠይቅ፤ ለሕፃኑ ግን በጭራሽ አይሰጥ፤ ያልተፈላውን ደግሞ ማንም አይጠጣው።

ሙከራው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይበቃዋል። ደም የነበረበት ልጅ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ2 ሳምንት ይሻለዋል። ለውጥ ከሌለ እናት ወደ ወተቷ ትመለስ፤ ምክንያቱ ሌላ ነው። ለውጥ ከመጣም ሥራው አላለቀም፤ ሕፃኑ በራሱ ጊዜ ተሽሎት ሊሆን ስለሚችል፣ ከባድ ምልክት ያልነበረበት ከሆነ እናት ለአንድ ሳምንት ያህል ወተት መልሳ ትጠጣና ምልክቱ ይመለስ እንደሆነ ታያለች። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ደረጃ ነው፤ በዚህም ምክንያት ያለ በቂ ማስረጃ ለአንድ ዓመት ከወተት የሚርቁ አሉ። ምልክቱ ከተመለሰ አለርጂው ተረጋገጠ፤ ጡቱ ይቀጥላል፣ እናትም ከላም ወተት መራቋን ትቀጥላለች፤ ልጁ ዓመት ሲሞላው ሐኪሙ እንደገና ይሞክራል፤ አብዛኞቹ የደም ምልክት የነበረባቸው ልጆች በዚያን ጊዜ የላም ወተትን ይለምዱታል።